መድኃኒቱን የሸሸገስ?

“በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ አበው። ልክ ናቸው። ግን መድኃኒቱን የሸሸገስ ምን ይሆናል? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ፌስታል ይዤ ከቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ ስሮጥ ነው። ውድ አንባብያን፣ “የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ደም ኬሚስትሪ ምን አገባት?” የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ጽሑፌን ሲጨርስ እንደሚያገባኝ፣ እሱንም እንደሚያገባው እንስማማለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ (እኛ ቤት እቴቴ ነው የምንላት) የምትኖረው ቃሊቲ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። እኔም ያደግሁት እሷ ቤት ነው። ስኳር ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ክኒኗን ትውጣለች፣ ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣለች፣ ጾሟን ግን አታጓድልም። አምና የሐሞት ጠጠር አለሽ ተባለችና ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ የአንድ ሆስፒታል ጉዳይ ነው ብዬም አላምንም።

ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ለምርመራ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ጥያቄው በአጭሩ ነበር። “ስኳር አለብሽ?” “አዎ።” “ክኒን ትወስጃለሽ?” “አዎ።” “ሜትፎርሚን?” “እሱን።” ተጻፈ። አለቀ። ከኋላችን ያለው ወረፋ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሶ ነበርና ማንም ላይ አልፈርድም።

ያልተጻፈው ግን ሌላ ነበር። ልጇ ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከችላት “አዲስ የስኳር ክኒን” ነበረች። እቴቴ ይህችን ክኒን ጧት ጧት አንድ እየወሰደች ስኳሯም ወርዶ፣ ክብደቷም ቀንሶ ደስ ብሏት ነበር። ለሐኪሟ ግን አልነገረችም። ለምን? “ያላዘዝኩትን ለምን ወሰድሽ ብሎ ይቆጣኛላ!” ትላለች። እኔስ? እኔ አጠገቧ ቆሜ አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ። ክኒንዋን እንደ ቪታሚን ቢጤ ነበር የማያት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያፍረኛል።

ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ከሰዓት ጥቂት ሽሮ ቀመሰች፤ ከዚያ በኋላ በሐኪም ትእዛዝ እህል አልቀመሰችም። ሐሙስ ጠዋት ሜትፎርሚኑን እንድትተው ተነግሯት ተወች። ያችን የአሜሪካዋን ግን ረቡዕም ወስዳታለች። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፤ “እልል” ብለን ወደ ቤት ደወልን።

ዓርብ ያቅለሸልሻት ጀመር። ምግብ እምቢ አለች። ውኃ ይጠማታል፣ ያስመልሳታል። “የማደንዘዣው ነው፣ ይለቃታል” ተባለ። ስኳሯ ተለካ፤ 190 ገደማ ነበር። “ስኳሯማ ደህና ነው” አልን ሁላችንም፤ አንድ ነገር የተፈታ ይመስል። ሌሊቱን አተነፋፈሷ ተለወጠ። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ፣ ግን ዳገት እንደወጣ ሰው በጥልቀት፣ በፍጥነት ትተነፍሳለች። እኔ ሕመሙ ነው ብዬ እጇን ይዤ አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ሊያያት መጣ። አልጋው ግርጌ ቆሞ ለጥቂት ጊዜ አተነፋፈሷን ብቻ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ቤት ውስጥ የምትወስደውን ሁሉ፣ ሐኪም ያዘዘውንም ያላዘዘውንም፣ አምጪልኝ። ንገሪኝ አላልኩም፣ አምጪልኝ” አለኝ። በጎተራ፣ በሳሪስ አድርጌ ቃሊቲ ገባሁ፤ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ፌስታል እንዳለ አንስቼ ተመለስኩ። ፌስታሉ ውስጥ የፋርማሲ ፖስታ፣ ስማቸው በመቀስ የተቆረጠ እሽግ ክኒኖች፣ የዓይን ጠብታ እና ያች ብልቃጥ ነበሩ። ብልቃጧን አንስቶ ስሟን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ሽንቷ ሲመረመር ኬቶን የሚባለው ነገር በከፍተኛ መጠን ተገኘ፤ የደሟም ምርመራ አሲድ እንደበዛበት አሳየ። በሽታው ስም ነበረው፦ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ። ያመጣውም መድኃኒት ነበር።

እስቲ አሁን የተረዳሁትን ያህል ላስረዳ። የሰው ደም በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ ነው የሚኖረው። ፒኤች በሚባለው መለኪያ ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ከ7.35 ሲወርድ ደሙ አሲድ በዝቶበታል ማለት ነው። ይህንን ሚዛን ከሚጠብቁት አንዱ ባይካርቦኔት የሚባለው ነው፤ አሲድ ሲመጣ እየተዋጋ ራሱ ያልቃል። ባይካርቦኔቱ ሲያልቅ ሳንባ ሊረዳ ይነሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሲድ ስለሚፈጥር ሰውነት በጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ አብዝቶ ያስወጣዋል። ይህን አተነፋፈስ አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 በስኳር ሕመምተኞች ላይ አይቶ ጽፎታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ያላወቅኩት እሱን ነበር።

ያች ክኒን ደግሞ ስማቸው “ፍሎዚን” ብሎ ከሚያልቅ መድኃኒቶች አንዷ ናት። ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኤምፓግሊፍሎዚን፣ ካናግሊፍሎዚን የሚባሉት ማለት ነው። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለልብና ለኩላሊትም እንደሚጠቅሙ ስለተረጋገጠ በዓለም ዙሪያ በብዛት ይታዘዛሉ። የሚሠሩት ኩላሊት ስኳርን በሽንት እንዲያስወጣ በማድረግ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ሳይበላ ሲቆይና ሰውነቱ ሲጨነቅ ነው። ቀዶ ሕክምና ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያመጣል። ኢንሱሊን ያንሳል፣ ሰውነት ስኳር ትቶ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ስቡ ሲቃጠል ኬቶን የተባለው አሲድ ይከማቻል። ስኳሩ ግን በሽንት እየወጣ ስለሆነ መለኪያው ላይ ያን ያህል ከፍ ብሎ አይታይም። ለዚህ ነው “ስኳሯማ ደህና ነው” ያልነው ሁላችንም የተታለልነው።

ይህ ደግሞ ድንገት የተገኘ ምሥጢር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ስለነዚህ መድኃኒቶችና ስለ ኬቶን አሲድ አስጠንቅቋል። በማርች 2020 ደግሞ በቀጠሮ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 3 ቀን ቀደም ብሎ እንዲቋረጡ (ኤርቱግሊፍሎዚን የተባለው 4 ቀን) መመሪያቸው ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። ብልቃጧ ከመጣችበት አገር ማስጠንቀቂያው ነበረ። እቴቴ ጋ የደረሰችው ግን ብልቃጧ ብቻ ናት። ማስጠንቀቂያው ሻንጣ ውስጥ አልገባም።

የ“ፍሎዚን” ቤተሰብ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ያለው ሜትፎርሚንም የራሱ ታሪክ አለው። ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕመም መዋሉን ካሳወቀ ጀምሮ እጅግ ብዙ ሰው አክሞ ያኖረ መድኃኒት ነው። ግን ዘመዱ የሆነው ፌንፎርሚን ላክቲክ አሲድ እያጠራቀመ ሰው ስለገደለ በ1977 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ሜትፎርሚን ከዘመዱ እጅግ የተሻለ ነው፤ ጉዳቱም ብርቅ ነው። ይሁንና ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ፈሳሽ ያጣ ወይም ከባድ ኢንፌክሽን የያዘው በሽተኛ ላይ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ያለፈ ሰው ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ሊገጥመው ይችላል። አረቄ ያበዛ ሰው ከሆነማ አደጋው ይብሳል።

ለዓይን ግፊት የሚሰጠው አሴታዞላማይድም ኩላሊት ባይካርቦኔት እንዲያፈስ በማድረግ ደምን ወደ አሲድ ይገፋል። እኛ በጅምላ “ጉሉኮስ” የምንለው የሚንጠለጠለው ፈሳሽ ራሱ ከዚህ ነፃ አይደለም። ኖርማል ሳላይን የሚባለው በአንድ ሊትር 154 ሚሊሞል ክሎራይድ አለው፤ ደማችን ውስጥ ያለው ግን ወደ 100 ገደማ ነው። ብዙ ሊትር በፍጥነት ሲሰጥ አሲዶሲስ ያመጣል። ስሙ “ኖርማል” ስለሆነ ብቻ ኖርማል አይደለም ማለት ነው! ይህኛውን ግን ባለሙያው ራሱ የሚሰጠውና የሚከታተለው ነው። ቤት ቁም ሳጥን ላይ ያለውን ፌስታል ግን ካልነገርነው በምን ያውቀዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ። ይህን አንብቦ ክኒኑን በራሱ የሚያቆም ሰው ካለ ጽሑፌ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው “ኦፕራሲዮን አለብኝ” ብሎ በራሱ ቢያቋርጥ እሱም ራሱ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። የደም ግፊት፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም እንዲሁ በዘፈቀደ አይቆምም። የትኛው ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል፣ ስንት ቀን ቀደም ብሎ የሚለው የሐኪሙ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ አንድ ነው፦ መንገር። ሳንቀንስ መንገር።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልምጣ። የዜና አሰባሰብ ኮርስ ላይ መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ “አዎ” ወይም “አይደለም” የሚያስመልስ ጥያቄ ደካማ ጥያቄ መሆኑ ነው። “ክኒን ትወስጃለሽ?” የሚለው ጥያቄ “አዎ” ሲባል ያበቃል። “ሜትፎርሚን?” የሚለው ደግሞ መልሱን በጠያቂው አፍ ያስቀምጠዋል፤ የተጠየቀው ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እኛ እንዲህ ጠይቀን ዜና ይዘን ብንመጣ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ይመልሱልን ነበር። “ምን? ስንት? ከመቼ ጀምሮ? ከየት አገኘሽው? ለመጨረሻ ጊዜ የወሰድሽው መቼ ነው?” አምስቱም ጥያቄዎች ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጁም። በእቴቴ ላይ “ከየት አገኘሽው?” የሚለው ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ አሜሪካ ይወጣ ነበር። ያም ባለሙያ የተሻለ ያደረገው ይህን ነው። ወሬውን ትቶ ማስረጃውን አምጪ አለኝ።

ጥፋቱን ግን በጠያቂው ላይ ብቻ የምደፋ እንዳይመስላችሁ። የተጠየቀ ምንጭ እያወቀ ሲደብቅ ጋዜጠኛው ምን ያድርግ? ደባቂዎቹ እኛ ነበርን። እቴቴ ቁጣ ፈርታ፣ እኔ ነገሩን ንቄ። አገራችን ውስጥ ስንቱ ነው ዳማከሴ ጠጥቶ፣ ፌጦ በልቶ፣ የጎረቤት ክኒን ተበድሮ፣ ሐኪም ፊት ሲደርስ “ምንም አልወሰድኩም” የሚለው? ስንቱ ቤት ነው ከአረብ አገርና ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ ብልቃጥ ያለው? ሐኪም ቤት ገብተን እንደ ፍርድ ቤት እንፈራለን። ባለሙያዎቹም አንዳንዴ እንደ ዳኛ ይቆጡናል። የሚቆጣ ሰው እውነት አይነገረውም። ይህን ከነሱ ይልቅ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እናውቀዋለን።

“ለዚህማ የቀዶ ሕክምና ዝርዝር ወረቀት አለ” የሚለኝ ይኖራል። አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው 19 ነጥብ ያለው የማረጋገጫ ዝርዝር ነው። በ8 አገሮች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ (አንዱ ታንዛኒያ ውስጥ ያለ ነው) ሞትን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ እንዳወረደ በ2009 ታትሟል። ትልቅ ነገር ነው። ዝርዝሩ ስለ አለርጂ ይጠይቃል፣ ስለ ደም መፍሰስ ይጠይቃል። በሽተኛው ቤቱ ስለሚውጠው ክኒን ግን ለብቻው የተቀመጠ ጥያቄ የለውም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ዝርዝሩ ሁሉን ያካተተ እንዳልሆነና እንደየአገሩ ሁኔታ ቢጨመርበት ጥሩ እንደሆነ ጽፈውበታል። ደግሞም ያ ወረቀት የሚነበበው በሽተኛው ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባ በኋላ ነው። 3 ቀን ቀድሞ መቆም ያለበት ክኒን እዚያ ቢጠየቅ ምን ዋጋ አለው? ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ቀጠሮ የሚሰጥ ዕለት ነው። ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ “ባዶ ሆድዎን ይምጡ” ተብሎ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ “መድኃኒትዎን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ” ተብሎ ቢጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

ፋርማሲዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ክኒን በመቀስ ቆርጣችሁ ስትሸጡ ስሙ ያለበትን ጫፍ አታስቀሩብን። ፖስታው ላይ “1 × 2” ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም በሚነበብ ጽሑፍ ጻፉልን። የእቴቴ ፌስታል ውስጥ ከነበሩት ውስጥ ሁለቱ ምን እንደሆኑ እስከዛሬ አላወቅንም። ጣልናቸው።

እኛስ? እኔ በበኩሌ ለትምህርት ክፍላችን ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። በየዓመቱ ለልምምድ የሬዲዮ ፕሮግራም እንሠራለን። ጤና ሲባል ሁሌ “ባለሙያ ጋብዘን” በሽታው ምንድነው፣ ምልክቱ ምንድነው ብለን እንዘጋለን። አንድ ፕሮግራም “ፌስታላችሁን አውጡ” በሚል ብንሠራስ? አድማጩ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ያለውን መድኃኒት ስም፣ መጠኑንና የጀመረበትን ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ፣ ማንበብ የማይችል ካለ ልጁ ወይም የጎረቤት ልጅ እንዲጽፍለት። ወረቀቱ መታወቂያው ጋ ይቀመጥ። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል፤ ዛሬ ስልክ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ቢያንስ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ቤታችን ገብተን ለእናታችን ወይም ለአያታችን ይህን አንድ ወረቀት ብንጽፍ ከብዙ ዜና ይበልጣል። ዶርም ያላችሁ ደግሞ ለበዓል ስትሄዱ።

እቴቴ ዳነች። ኢንሱሊንና ግሉኮስ አንድ ላይ ተንጠልጥሎላት ነበር። “ስኳር ላለባት ሰው ስኳር ትሰጣላችሁ እንዴ?” ብዬ ስጠይቅ፣ ኢንሱሊኑ አሲዱን እንዲያቆም፣ ግሉኮሱ ደግሞ ስኳሯ ከልክ በላይ እንዳይወርድ ነው ብለው አስረዱኝ። በሁለተኛው ቀን ትንፋሿ ረጋ አለ። በአራተኛው ቀን “ቡና የለም ወይ እዚህ አገር?” ስትል ቤታችን ልትመለስ እንደሆነ አወቅኩ።

አሁን ቃሊቲ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አምስት መስመር ነው። ባለፈው ለክትትል ስትሄድ ነቅላ ይዛው ሄደች። ሐኪሟ አነበበና፣ “ማነው የጻፈልሽ?” አላት።

“የኔ ልጅ ናት፤ ጋዜጠኛ ናት እኮ” ብላዋለች።

ገና ሁለተኛ ዓመት መሆኔን አልነገረችውም። ይህን መሸሸጓን ግን ይቅር ብያታለሁ።

ቸር ይግጠመን!